ዓመቱ የገጠመ፣ ጥርሱ ያልገጠመ፦ ለአሮጌ ብስክሌት የዘመኑን ዕቃ ስለ መፈለግና ስለ መግጠም የተደረገ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ። ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የተሳሳትኩትን ሳልሸሽግ ከዚያው ልጀምር። በእጄ ያለው ብስክሌት ፍሬኑ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ሳጥን የተሸፈነ፣ ከባድና ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ የእንግሊዝ ሥራ ነው። የፊት አርማው ተነቅሎ ጠፍቷል፤ ቀለሙም ደጋግሞ ስለተቀባ የሠሪውን ስም የሚናገር አንድም ጽሑፍ አልቀረበትም። በኋላ ጎማው እምብርት፣ ማለትም በሞዞው ላይ ግን የሞዞ ሠሪው የስተርሜ አርቸር ስም፣ የባለ ሦስት ማርሹ መለያ የሆኑት ኤ ደብሊዩ የሚሉት ፊደላትና 58 የሚል ቁጥር ተቀርጸዋል። ከዚህ ተነሥቼ ብስክሌቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1958 ሥራ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ፔዳሉ የሚዞርበት ዘንግ ሲንቋቋ ስለሰማሁ የግራውን የፔዳል ክንድ ፈትቼ ኩባያውን፣ ማለትም ብዮቹ የሚሽከረከሩበትን ጎድጓዳ የብረት ቀለበት አወጣሁ። ውስጡ ተቦርቡሮ ነበር። ብዙ ከፈለግሁ በኋላ የዚያው ዘመን ዕቃ ነው የተባለ፣ ከነማሸጊያ ወረቀቱ ሳይነካ የኖረ የእንግሊዝ ኩባያ አገኘሁና ገዛሁ። ለመግጠም ስሞክር ግን ሁለት ዙር ያህል በእጅ ከገባ በኋላ ተቀረቀረ፤ ወደ ኋላ መልሼ ስሞክርም ያው ሆነ። በጽሑፌ ያነሣሁት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ አገሩ አንድ ከሆነ፣ ዓመቱም ከተቀራረበ፣ ዕቃው መግጠም አለበት፤ ስለዚህ ጥፋቱ ኩባያው በሚገባበት ቀዳዳ፣ ማለትም በቤቱ ውስጥ የተጋገረ ቀለምና ዝገት መሆን አለበትና እንዴት ላጽዳው የሚል ነው። የመጡት መልሶች ይህን ሐሳብ በየተራ አፈረሱት፤ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቄ እተርካለሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው ጸሐፊ በትሕትና ሰላምታ አቅርቦ፣ ነዳጅ በተነከረ የናስ ብሩሽ ቤቱን እንዳጸዳና ፎቶግራፍ እንዳያይዝ ጠየቀኝ። ሁለቱንም አደረግሁ። ኩባያው እየዞረ የሚገባባቸው የብሎን መሰል ጥርሶች ንጹሕና የሚያብረቀርቁ ሆነው ታዩ፤ ኩባያው ግን ከሁለት ዙር አላለፈም።

2ኛ መልስ። ሁለተኛው፣ ግራሶ በደንብ ቀብቼ በረጅም መፍቻ ብገፋው ኩባያው መንገዱን ራሱ ጠርጎ እንደሚገባ መከረኝ። እርሱም በወጣትነቱ አንድ ብስክሌት በዚሁ ዘዴ እንደገጠመና ለዓመታት እንደነዳበት ጨመረ። ምክሩ የተሰጠው በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ እርሱ ነው፤ መፍቻውን አንሥቼ ነበርና።

3ኛ መልስ። ደግነቱ ሦስተኛው መልስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ሰላምታም አልነበረውም። ጸሐፊው፣ ኩባያው በእሳት የጠነከረ ብረት መሆኑን፣ በቴላዮው፣ ማለትም በብስክሌቱ አጽም ላይ ያለው ቤት ግን ለስላሳ መሆኑን አስታውሶ፣ ጠንካራው ለስላሳውን እንደሚበላው ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም አለ። በኃይል የገባው ኩባያ የቤቱን ጥርስ እየቆረጠ አዲስ ጥርስ ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቴላዮ የራሱን ኩባያም የሌላውንም አይዝም። የሁለተኛውን ጸሐፊ ብስክሌት በተመለከተም፣ ለዓመታት የነዳው ኩባያው ስለገጠመ ሳይሆን ጥርሱ ተበልቶ ስለተጣበቀ ነው ብሎ ቁጭ አደረገው። አነጋገሩ ይሻክራል፤ የተናገረው ግን ልክ ነበር።

4ኛ መልስ። ሌሎቹ ሁሉ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው አንድ አንጋፋ ሰው የጻፉት ይህ መልስ የውይይቱ ምሰሶ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጥቀሰው። እንደ እርሳቸው ገለጻ፣ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ሠሪዎች ለዚህ ቤት የሚጠቀሙበት ልክ 1.370 ኢንች ስፋትና በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ነው፤ የቤቱም ወርድ 68 ሚሊ ሜትር ነው። የኖቲንግሃሙ ብስክሌት ሠሪ ራሌይ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በራሱ ልክ ሲሠራ ኖሯል፤ ስፋቱ ከሌላው እምብዛም የማይለይ ሆኖ ጥርሱ በኢንች 26 ነው፤ ቤቱም 71 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የመሪው አንገት ላይ ያሉት ጥርሶች እንኳ በሌላው 24 ሲሆኑ በእርሱ 26 ናቸው። ራሌይ ሐምበርን በ1932፣ ረጅንም በ1943 ጠቅልሎ ስለያዘ፣ በእነዚህ ስሞች ከዚያው ፋብሪካ የወጡት ብስክሌቶችም ይህንኑ ልክ ይከተላሉ። ስለዚህ አገርና ዓመት አንድ ሆነው ዕቃው የማይገጥምበት ምክንያት ዝገት ብቻ እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዱኝ።

ሁለት ዙር ገብቶ ለምን እንደሚቀረቀርም በቁጥር አሳዩ። በኢንች 24 ሲሆን ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ 1.058 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 ሲሆን ደግሞ 0.977 ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያንሳል፤ በመጀመሪያው ዙር በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሸከመዋል፤ በእያንዳንዱ ዙር ግን እየተጠራቀመ ሄዶ ክፍተቱን ሲጨርሰው ብረት ከብረት ይናከሳል። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ በቀላሉ መግባቱ የመግጠሙ ምልክት አይደለም፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። በመጨረሻም የቀኙን ኩባያ ያለ ምክንያት እንዳልነካው አስጠነቀቁኝ፤ ምክንያቱም በእንግሊዝ ሥራ የቀኙ ኩባያ ጥርስ ግራ ዞር ስለሆነ፣ እንደ ተለመደው ብሎን ለመፍታት የሞከረ ሁሉ የሚያጠብቀው ነው።

5ኛ መልስ። ይህ የእኔ ነው። ምስጋናዬን አቅርቤ፣ የጥርስ መለኪያ እንደሌለኝ፣ ካሊፐር ቢኖረኝም ኩባያው ላይ ያሉት ጥርሶች ጥቂት በመሆናቸው ልዩነቱን በእርግጠኝነት ማንበብ እንዳቃተኝ ጻፍኩ።

6ኛ መልስ። በቶርኖ ሥራ የምትተዳደር አንዲት እኅት የሰጠችው መልስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጠቅላላው ውይይት በጣም የወደድኩትም እርሱን ነው። መለኪያው አስቀድሞ በእጄ እንዳለ ነገረችኝ፦ የኤ ደብሊዩ ሞዞ አክስል፣ ማለትም የመሐል ዘንጉ፣ ጥርስ በኢንች 26 ነው። ስለዚህ የኋላውን ጎማ ዳዶ ፈትቼ፣ አሮጌውን ኩባያ ከአክስሉ ጫፍ ጋር ጎን ለጎን አስደግፌ በብርሃን ፊት ብይዘው፣ የሁለቱ ጥርሶች ያለ ክፍተት እርስ በርስ ከተቆላለፉ 26 ነው፤ መሐል ላይ ብርሃን ከገባ ደግሞ አይደለም።

7ኛ መልስ። ወዲያው ሌላ ሰው ዓመቱን በተመለከተ ያቀረብኩትን ድምዳሜ አነሣ። በሞዞው ላይ ያለው 58 ሞዞው የተሠራበትን ዓመት እንጂ የብስክሌቱን ዓመት አይናገርም፤ ጎማ የሚቀየር ነገር ነውና። በጊዜው የነበሩት የእንግሊዝ ብስክሌቶች በብዛት ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ሽቦ ይይዙ ስለነበር፣ መጀመሪያ ይህን እንድቆጥር፣ ቀጥሎም በሞዞው ላይ ከዓመቱ አጠገብ የወሩ ቁጥር እንዳለ እንድመለከት አሳሰበኝ። ከዚያም ነገሩን ወደ ሌሎች ሠሪዎች ሰፋ አድርጎ ወሰደው። የሺማኖ ዕቃዎች ላይ የሚገኙት ሁለት ፊደላት የመጀመሪያው ዓመትን፣ ሁለተኛው ወርን ያመለክታሉ፤ የዓመቱ ፊደል ከላቲኑ ኤ ጀምሮ ሲቆጠር ኤ 1976 ነው። በካምፓኞሎ የኑዎቮ ሬኮርድ የኋላ ማርሽ ለዋጮች ላይም በ1970ዎቹ ከፓተንት ቃል አጠገብ ዓመቱ ይቀረጽ ነበር። ማሳሰቢያው ግን አንድ ነው፤ የዕቃ ዓመት የዕቃ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠሙለት ዕቃዎች እንኳ በመደርደሪያ የቆዩ ስለሚሆኑ፣ ከብስክሌቱ በወራት ቢቀድሙ የሚያስገርም አይደለም።

ሽቦዎቹን ቆጠርኩ፤ 32 እና 40 ሆኑ። ይህ ጎማዎቹ የመጀመሪያዎቹ መሆናቸውን ባያረጋግጥም አይቃረንም።

8ኛ መልስ። ስሙ የጠፋውን ብስክሌት ለመለየት ቀለም መፋቅ አያስፈልግም አለ ስምንተኛው። ሠሪዎቹ ምልክታቸውን በፊት ጥርሳም ክብ ብረት ላይ ቀርጸውታልና እርሱን ማየት ይበቃል፦ የራሌይ አንገተ ረጅም የውሃ ወፎች፣ የረጅ የእጅ መዳፍ፣ የሐምበር ደግሞ የአምስት ሰዎች ቅርጽ ነው። እኔ የሰንሰለቱ ሳጥን ስለሸፈነው አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ የሳጥኑ የፊት ክብ ክዳን የሚከፈት ነው፤ ቀለም ደጋግሞ ስለተቀባበት አንድ ወጥ ቆርቆሮ መስሎኝ ኖሯል። ዙሪያውን በቀጭን ምላጭ ዘርዝሬ ስከፍተው ሦስት ወፎች ከጥቁር ግራሶ ውስጥ ብቅ አሉ።

9ኛና 10ኛ መልስ። እዚህ ላይ ወሬው ባሕር ተሻገረ። ዘጠነኛው ጸሐፊ፣ የእንግሊዝን ልክ ያማረረ የፈረንሳይንና የጣሊያንን ይይ ብሎ ጀመረ። የጣሊያኑ ቤት 36 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ በኢንች 24 ጥርስ አለው፤ ሚሊ ሜትርና ኢንች በአንድ ዕቃ ላይ መጋባታቸውን ልብ ይሏል። የፈረንሳዩ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጥርሱ በአንድ ሚሊ ሜትር ይራራቃል፤ በሁለቱም አገሮች ሥራ የቀኙም የግራውም ኩባያ ቀኝ ዞር ነው። የስዊሱ ደግሞ የፈረንሳዩን ልክ ይዞ የቀኙን እንደ እንግሊዙ ግራ ዞር ያደርገዋል። ስለዚህ የማያውቁትን ቴላዮ የቀኝ ኩባያ ለመፍታት ከመታገል በፊት አገሩን ማወቅ ግድ ነው። የመሪው ግንድም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዙ 22.2፣ የፈረንሳዩ 22.0 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በሁለት አሥረኛ ልዩነት የተነሣ የሚገባ መስሎ የማይገባ፣ ሲገፉትም የሹካውን አንገት የሚሰነጥቅ አለ።

አሥረኛው ደግሞ የራሱን ኪሳራ ተረከ። አሮጌ የስትሮንግላይት ክንድ ለማውጣት የተለመደውን 22 ሚሊ ሜትር መንቀያ ተጠቅሞ የክንዱን ጥርስ ልጦ ጨረሰው፤ የዚያ ክንድ ልክ 23.35 መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው። መንቀያው ለምን በቀላሉ እንደገባ ሳይጠይቅ መሳቡን ራሱ እንደ ጥፋት ቆጥሮታል። አራተኛው ጸሐፊ በቀላሉ ስለሚገባ ዕቃ የሰጡትን ማስጠንቀቂያ ጠቅሶ፣ ቀድሞ ቢያነበው ኖሮ ይጠቀም እንደነበር ጻፈ።

11ኛ መልስ። አሥራ አንደኛው ጸሐፊ፣ ስለ ልክ ሁላችንም ስንጽፍ የዘመን ዕቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም ብሎ ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ለአንዱ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ዕቃ ነው፤ ለሌላው በዚያ ዓመት የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም ዕቃ ነው፤ ለሦስተኛው ደግሞ በዚያ ጊዜ የነበረ ባለቤት ሲሰበርበት ሊገጥመው ይችል የነበረው ነው። እርሱ የመጨረሻውን እንደሚመርጥ ገለጸ፤ በ1958 ኩባያው ያለቀበት ሰው በጠጋኙ መሳቢያ ውስጥ የተገኘውን ያስገጥም ነበር እንጂ የወሩን ቁጥር አይመረምርም ነበርና። በ1997 በጣሊያን ቶስካና ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የተጀመረውን ሌሮይካ የተባለውን የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞም በምሳሌነት አነሣ። የዚያ ጉዞ ደንብ ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት፣ በቴላዮው ታችኛ ቱቦ ላይ የተቀመጠ ማርሽ መለወጫ፣ ማሰሪያ ያለው ፔዳልና ከመሪው ውጭ የሚታይ የፍሬን ገመድ ይጠይቃል፤ ስለ ብይና ስለ ኩባያ ግን አይጨነቅም።

12ኛ መልስ። ይህን ተመርኩዞ አንድ ሰው፣ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ አዲስ ዕቃ ማስገባት ነውር የለውም አለ። ጥርስ የማያስፈልገው፣ በቤቱ ውስጥ ራሱን ወጥሮ የሚይዝ ዝግ ኩሽኔታ ስላለ፣ እርሱን ብገጥም ከ24ና ከ26 ጭቅጭቅ እገላገል ነበር።

13ኛ መልስ። የሦስተኛው መልስ ባለቤት ተመለሰ፤ ቁጣውም አብሮት ተመለሰ። የማይታየውን መለወጥ ከተፈቀደ፣ ነገ ቀለም የሸፈነው ሁሉ የማይታይ ነውና ምኑ ቀረ ብሎ ጠየቀ። ሰዎች አሮጌ ብስክሌት የሚይዙት በአሮጌው መንገድ እንዲሠራ መስሎት እንደነበር፣ አሁን ግን የግድግዳ ሥዕል እንደሚፈልጉ መረዳቱን ጨመረ። አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ ሳይዘገይ፣ የዘመኑን ዕቃ እንደዚህ የሚያመልክ ሰው የ1960ዎቹን የሲምፕሌክስ ባለ ዴልሪን ፕላስቲክ ማርሽ ለዋጭ ገጥሞ ዳገት ሲወጣ ይሰንጠቅበትና ያኔ እንነጋገር አለ። ይህ እንደ 14ኛ መልስ ተቆጥሯል፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱ ለሦስት መልስ ያህል የተለዋወጡትን መተረክ ለማንም አይጠቅምምና እዘለዋለሁ። የእኔ አስተያየት ከሁለቱ መካከል አይደለም፦ ዝግ ኩሽኔታውን ያልገጠምኩት በመርሕ ሳይሆን፣ 26 ጥርስ ያለው ኩባያ ገና ሳይፈለግ ተስፋ መቁረጥ ስላልፈለግሁ ነው።

18ኛ መልስ። ሁለቱን ለማብረድ ይመስላል፣ ቀጣዩ ጸሐፊ ሁሉም ወደሚስማሙበት ወደ ጎማ መራን። ጎማ፣ ካላማዳሪና የፍሬን ላስቲክ ያረጁ ከሆነ ምንም ያህል የዘመኑ ቢሆኑ እንደማይነዳባቸው ማንም አልተከራከረም። ጎማ ስንገዛ ግን በላስቲኩ ላይ በተጻፈው ኢንች እንዳንታለል አስጠነቀቀ። 28 በ1½ የሚለው የሚቀመጥበት ቸርኬ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 28 በ1⅝ የሚለው ግን 622 ነው፤ ሁለቱም 28 ይላሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ግን አይቀመጥም። ባለ ዘንግ ፍሬን ለያዘ ሰው ይህ እጥፍ ችግር ነው፤ ላስቲኩ የሚጫነው የቸርኬውን ጎን ሳይሆን ወደ መሐል የሚያየውን ገጹን ስለሆነ፣ ለዚያ ተብሎ የተሠራው ዌስትውድ የሚባለው ቅርጽ ካልሆነ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር የለም።

19ኛና 20ኛ መልስ። አንድ ወጣት፣ የእርሱ የ1950ዎቹ ብስክሌት መሪ ቢጫ ቢጫ የሚል ብርሃን ስላለው የተነከረው በኒኬል መሆን አለበት፣ የሚያስጠግነውም በኒኬል ነው ብሎ አማከረ። አንጋፋው ጸሐፊ አረሙት። ኒኬል ብቻውን የሚነከርበት ዘመን ክሮም በ1930ዎቹ ሲስፋፋ እያለፈ ሄዷል፤ ነገር ግን ክሮም የሚነከረው በኒኬል ላይ ስለሆነ፣ ለዓመታት በተፈተገ መሪ ላይ ላዩ ሲያልቅ የሚታየው ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው። ወጣቱም አመስግኖ፣ ገንዘቡን ስላተረፉለት ጋሼን መረቀ።

21ኛ መልስ። ከርዕስ የወጣ ቢሆንም አንባቢን ከጉዳት ስለሚያድን እጠቅሰዋለሁ። አንድ ሰው ባለ መብራት ማመንጫ የስተርሜ አርቸር ሞዞውን ለማጽዳት ማግኔቱን ከጥቅልል ሽቦው ለይቶ ለሳምንት ካስቀመጠ በኋላ መብራቱ እንደደከመበት አማረረ። የቶርኖ ሠራተኛዋ እኅት፣ ያ ማግኔት ከቦታው ሲወጣ ኃይሉን የሚጠብቅለት ብረት ወዲያው ካልገባለት ኃይሉን እንደሚያጣ፣ የሚመለሰውም እንደገና በማግኔት ኃይል ሲሞላ ብቻ እንደሆነ ነገረችው።

22ኛ መልስ። እኔ ተመልሼ የመጣሁት እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ኩባያ ከአክስሉ ጋር አስደግፌ በመስኮት ብርሃን አየሁት፤ ጥርሶቹ እንደ ሁለት መጋዝ ተቆላለፉ። አዲሱን ሳስደግፍ በመሐሉ ብርሃን ገባ። የሸጠልኝ ሰው ስለ ዓመቱ የነገረኝን ለማስተባበል ምክንያት የለኝም፤ ስለ ጥርሱ ግን እኔም አልጠየቅኩት፣ እርሱም አልነገረኝም። ቀጥሎ የገጠመኝንም አስፍሬ ነበር፦ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀው ሽብልቅ ሲወጣ ጫፉ ስለተጣመመ ሌላ ገዛሁ፤ አዲሱ ግን በቀዳዳው ውስጥ ሳያዝ ወደ ታች ሾልኮ ይወርዳል።

23ኛ መልስ። አንጋፋው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው ጻፉ። የእንግሊዝ ሽብልቅ ውፍረቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የገዛሁት በብዙ ሌሎች አገሮች የተለመደው 9.0 መሆን አለበት። በካሊፐር ለካሁት፤ እንዳሉት ሆነ። ትክክለኛው ሲገኝም እንዲሁ አይገባም አሉ፤ ጠፍጣፋ ገጹ በሞርሳ ተይዞ በሞረድ ጥቂት ጥቂት እየተላገ፣ በየጊዜው እየተሞከረ፣ የዳዶው ጥርስ በበቂ ሁኔታ በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ይስተካከላል። ሁለቱ ገጾች በእኩል ማዘንበል ካልተላጉ፣ ወይም ሁለቱ ሽብልቆች ከየክንዳቸው አንጻር በተቃራኒ አቅጣጫ ከገቡ፣ ክንዶቹ ትይዩ መሆናቸው ይቀርና ነጂው እንደሚያነክስ ሰው ይረግጣል። በመዶሻ ሲመታ ከክንዱ ሥር እስከ መሬት የሚደርስ ቱቦ መደገፍ አለበት፤ አለበለዚያ ምቱን የሚቀበሉት ብዮቹና ኩባያው ናቸው። ዳዶው የተገፋውን ይዞ ለማቆየት እንጂ ሽብልቁን ለመሳብ አይደለም፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላም እንደገና ተመትቶ ይጠበቃል። የእኔ ኩባያ የተቦረቦረው ምናልባት ያለ ድጋፍ በተመታ መዶሻ ሊሆን እንደሚችል ሲጨምሩ፣ ከእኔ በፊት የነበረውን ጠጋኝ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት።

24ኛ መልስ። ያ ቁጡ ሰው በድንገት ተለሳልሶ መጣ። 26 ጥርስ ያለው የግራ ኩባያ በመሳቢያው እንዳለው፣ ውስጡም እንዳልተነካ ገልጾ፣ በቅድሚያ የአሮጌውን ፎቶግራፍ ከአክስሉ ጋር አድርጌ ካሳየሁት እንደሚልክልኝ ጻፈ። ፎቶግራፉን የጠየቀው ስላላመነኝ አይደለም፤ ተመሳሳይ ኩባያ ሁለት ጊዜ ልኮ ሁለቱም ጊዜ ተቀባዮቹ ሳይለኩ ጠይቀውት ስለነበረ ነው። አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ ከሥሩ ምስጋና ጻፈለት፤ ይህም 25ኛ ሆነ።

26ኛ መልስ። ኩባያው ደረሰ። በየጎኑ 11 አዳዲስ የሩብ ኢንች ብዮች በግራሶ አስቀምጬ፣ የቀኙን ኩባያ ሳልነካ፣ የግራውን በጣቴ አዞርኩት፤ ዘንጉ ሳይላወስም ሳይከብድም የሚዞርበትን ቦታ ፈልጌ በቀለበቱ አጠበቅሁት። ሽብልቁን ለማስተካከል ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያውን አብዝቼ ስለላግሁት ጣልኩት። በእጄ የቀረው ያ 24 ጥርስ ያለው አዲሱ ኩባያ ስለሆነ፣ ለማን እንደሚጠቅም ጠየቅሁ።

27ኛ መልስ። ሁለተኛውን መልስ የጻፈው፣ በረጅም መፍቻ እንድገፋው የመከረኝ ሰው ነበር። ያንን በወጣትነቱ የገጠመውን ብስክሌት አሁንም እንደያዘው፣ በሦስተኛው መልስ ቢቆጣም ከዚያ በኋላ ፈትቶ እንዳየው፣ በእርግጥም ኩባያው ተጨናንቆ የተጣበቀ እንደነበር አመነ። የቤቱ ጥርስ በጥልቀት የተበላው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ያለው ደኅና ስለሆነ በካሊፐር ለክቶታል፤ ስድስት ጥርስ ቆጥሮ ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው ያገኘው 5.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህም 24 መሆኑ ነው። የተበላውን ጫፍ የቶርኖ ሠራተኛዋን እኅት አማክሮ እንደሚያስተካክል ጽፎ ኩባያውን ጠየቀ። ላክሁለት።

28ኛ መልስ። የመጨረሻው መልስ የእርሱ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ኩባያው ያለ መፍቻ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ እስከ መጨረሻው መግባቱን ነገረን።